የ«ሲ»ዋ ጫፍ

ደብረ ብርሃን ማስታወቂያ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ባነር፣ ስቲከር፣ ማህተም፣ የሠርግ ካርድ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። እኔ ከሁሉም የምወደው የሱቅ ታፔላ ነው። ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ታፔላ ግን ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል።

ጥቅምት ላይ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለቤት መጡ። ባለ መብራት ታፔላ ፈልገዋል። ከላይ «ፓናሶኒክ» በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የሱቁ ስም በአማርኛ። ዕቃውን የሚያከፋፍላቸው ነጋዴ ስሙን እንዲጠቀሙ ፈቅዶላቸዋል። ለናሙና ያመጡልኝ በስልክ ያነሱትን የካርቶን ፎቶ ነው። ብዥ ያለ ነበር።

ሥራው ለገበያ ቀን መድረስ ነበረበት። ኮርል ድሮው የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ከፈትኩና ስሙን አሪያል ቦልድ በሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ጻፍኩት። ቀጠን ሲልብኝ ዙሪያውን መስመር ጨምሬ አወፈርኩት። ሰማያዊ ቀባሁት። የስቲከር መቁረጫው ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ ቆረጠ፣ ለጠፍን፣ ሰቀልን። ማታ መብራቱ ሲበራ ሥራዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሴትየዋ ደወሉ። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ሰው ዕቃሽ ፎርጅድ ነው እያለኝ ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቅሬታ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ስደርስ ባንኮኒው አጠገብ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከመንዝ ለገበያ የመጡ ናቸው። ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ነው የገቡት። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የቆየ የፓናሶኒክ ሬዲዮ ይዘዋል።

«አባባ፣ ታፔላው ምን ሆነብዎት?» አልኳቸው።

«እኔ የፈረንጅ ፊደል አላነብም ልጄ። ይቺን ሬዲዮ ግን ስንት ዘመን አብሬያት ኖርኩ። የመጨረሻዋ ፊደል፣ አየሃት? አፏ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምታልቀው። ያንተዋ ዘመም ብላለች።»

ሬዲዮውን ተውሼ ወጣሁ። መሰላል አቁሜ ከታፔላው ጎን ያዝኩት። እውነታቸውን ነው። ሬዲዮው ላይ ያለችው «ሲ» ሁለቱም ጫፎቿ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ነው የተቆረጡት። እኔ የሰቀልኳት በሰያፍ ተቆርጣለች። «ኤስ»ም እንደዚያው። መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ካርቶኖች ደግሞ ከሬዲዮው ጋር አንድ ናቸው። የሚገባው ሰው ሁሉ እላይ አንድ ፊደል፣ እታች ሌላ ፊደል እያየ ነበር ማለት ነው። ምኑ እንደተለየ መናገር አልቻለም እንጂ ዓይኑ አውቆታል።

የፓናሶኒክ ስም የተጻፈበት ፎንት ሄልቬቲካ ብላክ ነው። ሄልቬቲካን እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ ማክስ ሚዲንገርና ኤድዋርድ ሆፍማን ሠሩት። መጀመሪያ ስሙ ኖየ ሃስ ግሮቴስክ ነበር። በ1960 ነው ሄልቬቲካ የተባለው፤ ስዊዘርላንድ በላቲን ከምትጠራበት ሄልቬቲያ ተወስዶ። ሳንስ ሰሪፍ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ፊደሎቹ ጫፋቸው ላይ እንደ እግር የምትወጣው ትንሽ ጭረት የላቸውም። ጭረት ከሌለ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው አቆራረጡ ላይ ነው። ለዚህ ነው የአንዲት «ሲ» ጫፍ ይህን ያህል የምትከብደው።

አሪያል ከ25 ዓመት በኋላ ነው የመጣው። በ1982 ሮቢን ኒኮላስና ፓትሪሺያ ሳንደርስ ሞኖታይፕ ለተባለው ድርጅት፣ ለአይቢኤም ማተሚያዎች ብለው ሠሩት። የፊደሎቹ ስፋት ሆን ተብሎ ከሄልቬቲካ ጋር እኩል ተደረገ። አንዱን በሌላው ስትተካ መስመሩ አይዛባም። በ1992 ከዊንዶውስ 3.1 ጋር ወጣና በየኮምፒውተሩ ገባ። እኛ ጋ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚገኘው እሱ ነው። መጥፎ ፎንት አይደለም፤ ለደብዳቤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። የሌላ ሰው ሎጎ ላይ ግን አይገባም። ሎጎ ሥዕል ነው። በኪቦርድ አይጻፍም። ይህን ማወቅ ሥራዬ ነበር፤ የሴትየዋ ደንበኞች ሳይጠራጠሩ በፊት።

ሁለቱን መለየት ለምትፈልጉ «አር»ን እዩ። የሄልቬቲካ «አር» እግሯ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የአሪያል ተንሸራቶ ይወጣል።

አከፋፋዩ ጋ አስደውዬ ትክክለኛውን የሎጎ ፋይል በቬክተር፣ ሲያሳድጉት በማይደበዝዘው ዓይነት፣ አስላኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያኔውኑ ብጠይቅ ኖሮ!

በአዲሱ ላይ የአማርኛውንም መስመር ቀየርኩ። የመጀመሪያውን የጻፍኩት በኒያላ ነበር። ኒያላ ቆንጆ ፊደል ነው፤ የብዕር ለዛ አለው፣ አንዱ ጭረት ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። ከዚያ ወፍራም የላቲን ፊደል ሥር ሲቀመጥ ግን የሱቁ ስም ጠፋ። ከመንገዱ ማዶ የሚነበበው የኩባንያው ብቻ ነበር። የባለቤቷ ስም ከኩባንያው ማነስ የለበትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በወፍራሙ ተጠቀምኩ፤ ሁለቱ መስመሮች እኩል ቆሙ።

ሁለተኛውን ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሴትየዋ ሊከፍሉ ነበር፣ እምቢ አልኩ።

ኅዳር ገብቶ ውርጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በጠዋት ስቲከር አይያዝም፣ ሙጫው ይደርቅና በነፋስ ይላጣል። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀን ፀሐዩ ብረቱን ሲያሞቀው ለጠፍነው። ሴትየዋ አንድ ካርቶን ታቅፈው አስፋልቱን ተሻገሩ። ካርቶኑን ከፍ አድርገው ከታፔላው ጋር አስተያዩት፣ ዝቅ አደረጉት፣ እንደገና ከፍ አደረጉት። ከዚያ በእጃቸው «ውረድ» አሉኝ።