ሁለት ጌጅ ባንዴ ሲታመም፦ የአሮጌ ኮሮላዬ ዳሽቦርድ

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። ባለፈው ክረምት ዳሽቦርዷ ተረበሸ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ፣ ማለትም የሙቀት ጌጁ፣ ወደ ቀዩ ተጠጋ። የነዳጅ ጌጁ ደግሞ ቤንዚን ሳልቀዳ ከፍ አለ። የፊት መብራት ሳበራ ሁለቱም ጨመር ይላሉ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ፤ የሞተሩ የላይ ክዳን ተፈቶ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለታቸው ነው። ለአሮጌ መኪና ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም። ከመክፈት በፊት ራሴ ልፈትሻት ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ቀይ የገባ መርፌ ግን አይናቅም። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው ሙሉ ነው። የሞተር ዘይቱም ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። የክዳኑን ጎማ አየሁት፣ ደህና ነው። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት የማይይዝ ክዳን እኛ ጋ ቶሎ ጉድ ያፈላል።

ቁርጡን ያወቅኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሞተር፣ ኮፈኖው በዝናብ እንደራሰ። ሳላስነሳ ኮንታክት ብቻ ከፈትኩ። የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ተነስቶ መሀል አለፈ። ያልተነሳ ሞተር ከየት አምጥቶ ይሞቃል? ጥፋቱ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ዳሽቦርዱ ላይ ነበር።

ከዚያ ማሰብ ነው። የሙቀቱ ሴንሰር ያለው ሞተሩ ላይ ነው። የነዳጁ ተንሳፋፊ ኋላ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ውስጥ ነው። ሁለቱ ባንድ ሳምንት አይበላሹም። የሚጋሩት ነገር ምንድነው? ዳሽቦርዱ ጋ የሚመጣው ኤሌክትሪክና ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር። ሁለቱም መርፌ ጭራሽ አልነሳ ቢል ኖሮ መጀመሪያ ፊውዝ ነበር የማየው። ሁለቱም ከልክ በላይ ሲወጡ ግን ማሳ ይጠረጠራል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ለጌጆቹ የሚሄደውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ አለ። እሱ ማሳ ሲያጣ የባትሪውን 12 ቮልት እንዳለ ይለቀዋል። ያኔ ጌጆቹ ሁሉ ያጋንናሉ።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀልኩ። በካቻቪቴ ክፈፉን ፈታሁ፣ የፍጥነት መለኪያውን ኬብል ከኋላ አላቀቅኩ፣ ዳሽቦርዱን ሳብ አደረግኩት። ማሳው ቦዲው ላይ የታሰረበት ብሎን ዙሪያው ቡኒ ዝገት ነው። የሽቦው ቀለበት አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር አውጥቷል። ጣቴ ሲነካው ይረግፋል። ባትሪውን መልሼ ከዳሽቦርዱ ማሳ ወደ ንጹሕ ብረት አንድ ትርፍ ሽቦ ዘረጋሁ። ኮንታክት ስከፍት የሙቀቱ መርፌ ታች ቀረ። የነዳጁም እውነተኛ ቦታው ላይ ቆመ፤ ለካ ሰልባትዮው ሩብ አልሞላም ነበር። የጅማ አጋሮን መንገድ በዚያ ጌጅ አምኜ ብወጣ የት እንደምቆም አስቡት።

ብሎኑንና ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። የዳሽቦርዱን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ግን በላጲስ ብቻ ነው ያሻሸሁት፤ ብርጭቆ ወረቀት ይበጥሳቸዋል። ካሰርኩት በኋላ ሞተር አስነስቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ከዳሽቦርዱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ በቴስተር ለካሁ። ዜሮ አካባቢ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ቢያሳይ እንደገና እፈታው ነበር። ከዚያ ወደ ጅሬን ዳገቱን ወጣሁ። መርፌው ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳገቱን ጨረሰ።

አንድ ጌጅ ብቻ ሲያስቸግር ነገሩ ይለያል። የሙቀቱ ከሆነ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉ፤ መርፌው ወደ ቀዝቃዛ መውረድ አለበት። ሽቦውን በትንሽ አምፖል በኩል ማሳ ስታስነኩት ደግሞ መውጣት አለበት። ሁለቱም ከሆነ ጌጁ ደህና ነው፣ ሴንሰሩ ይቀየር። ሰልባትዮ ጋ ግን ሽቦ እያነካኩ ብልጭታ መፍጠር በፍጹም አይገባም። እዚያ ሽቦውን ነቅሎ የተንሳፋፊውን ኦም መለካት ይበቃል።

የዳሽቦርዱን የማስጠንቀቂያ መብራቶች በተመለከተ ከሁሉ የማከብረው የዘይቱን ነው። እየነዳችሁ ከበራ ወዲያው አቁሙና ሞተር አጥፉ፤ ጥርጣሬው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የዘይቱ መጠን ልክ ከሆነ ግፊቱ በመካኒክ ጌጅ ይለካ። ግፊቱ ደህና ሆኖ ካልጠፋ ያኔ ስዊቹን ጠርጥሩ። የፍሬኑ መብራት ሲበራም የፍሬን ዘይት ጨምሮ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም። ዘይቱ የጎደለው የፍሬን ሸራው ስላለቀ ወይም የሚያፈስ ቦታ ስላለ ሊሆን ይችላል። የባትሪው መብራት ፈዘዝ ብሎ ከበራ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ለኩ። ወደ 14 ቮልት ካልተጠጋ ዲናሞው በደንብ እየሞላ አይደለም።

አሮጌ መኪና የምትገዙ ደግሞ ሞተር ሳታስነሱ ኮንታክት ክፈቱ። የዘይትና የባትሪ መብራት መብራት አለባቸው። ካልበሩ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሆን ተብሎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። «እሱ ምንም አይደለም» ቢሏችሁም ምክንያቱን ሳታውቁ ቀብድ አትክፈሉ።

የእኔ ማሳ የዛገው የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ደርቆ ስለተሰነጠቀ ነው። የጅማ ዝናብ በዚያ እየገባ ከዳሽቦርዱ ኋላ ይንጠባጠብ ነበር። ጎሚኒውን አስቀየርኩ። አሁን ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከምንጣፉ ሥር እጄን ሰድጄ አያለሁ።