የኪስ ገበጣ ከአባቴ ባና

ገበጣ፣ ፍሬ በየጉድጓዱ ዙሪያውን እየዘሩ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ ለመንገድ አይመችም። የእንጨቱ ገበታ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ከቤት አይወጣም። ልጅ ሆነን መንዝ ከብት ስንጠብቅ ግን ገበታ አያስፈልገንም ነበር። መሬት ላይ 12 ጉድጓድ እንቆፍራለን። ጠጠር ካለ በጠጠር፣ ከሌለ በፍየል በጠጥ እንጫወታለን። ከብቱ ሲርቅ ጉድጓዱን እዚያው ትተን እንነሳለን።

ስደት ላይ የሚቆፈር መሬት አላገኘሁም። ጀርመን መጀመሪያ የኖርኩት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። የጥገኝነት ውሳኔ እስኪመጣ ሥራ አልነበረኝም፤ ቀኑ አይመሽም ነበር። እዚያ አገር እንቁላል ባብዛኛው የሚሸጠው በ6 ወይም በ10 ታሽጎ ነው። እኔም ሁለት ባለ 6 ካርቶን ጫፍ ለጫፍ በፕላስተር አያያዝኩና 12 ቤት፣ ማለትም 12 ጉድጓድ፣ አወጣሁ። ደረቅ ባቄላ ገዛሁ። አጠገቤ የሚተኛው ጋናዊ ካርቶኑን ገና ሲያየው «ኦዋሬ!» ብሎ ከአልጋው ተነሳ። 12 ቤት፣ በየቤቱ 4 ፍሬ፣ በድምሩ 48፤ የነሱም እንደዚሁ ነው። እነሱ የሚበሉት የመጨረሻዋ ፍሬ የተጋጣሚን ቤት 2 ወይም 3 ስታደርገው ነው። በኛ መንደር ደንብ ደግሞ 4 ሲሞላ ይበላል። አንዱን ጨዋታ በሱ ደንብ፣ ቀጣዩን በኔ እንጫወት ነበር። የጋራ ቋንቋችን ጥቂት ቃላት ብቻ ነበር። ግን በገበጣ ተጨቃጭቀናል፣ ተሳስቀናል፣ ሌሊቱን ገፍተናል። ከዚያ መጠለያ በደስታ የማስታውሰው ይህንን ነው።

ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ስመጣ ያ ካርቶን ትዝ አለኝ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ለመናገር ግን ታፍራለች። እናቴ ደግሞ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የታመመ ይመስላታል። አሁንም አሁንም ግንባሯን ትዳብሳለች። ቀጥለን መሐል ሜዳ ወደ ዘመዶቻችን መሄዳችን ነው። መንገዱ ረጅም ነው። ጣርማ በር ላይ ዋናው አስፋልት ጣሊያን በሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዝ መኪና ከዚያ ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ መንገድ አያትና የልጅ ልጅ ተያይተው ዝም እንዲሉ አልፈለግኩም። ቁጭ ብዬ የመንገድ ገበጣ ልሠራ ወሰንኩ።

ትልቁን ገበጣ አሳንሶ መሥራት ብቻ አይበቃም። ጨዋታው ቢያንስም ጣት አያንስም። እናቴ ከቤት ውስጥ ፍሬ ስታነሳ ሦስት ጣት ታስገባለች። የቤቱ አፍ ከ4 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ እጇ ይታገላል። ስድስት ቤት ጎን ለጎን ሲደረደር ከነክፍተቱ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኪስ አይገባም። ስለዚህ ማሳነሱን ተውኩና መታጠፍ የሚችል ነገር ፈለግኩ። ሦስት እኩል ክፍል፣ በያንዳንዱ ላይ አራት አራት ቤት። ሲዘረጋ ሙሉ ገበጣ ነው፤ ሲታጠፍ የጃኬት ኪስ ይገባል።

ከምን ልሥራው የሚለውን እናቴ መለሰችልኝ። ከሳጥኗ የአባቴን አሮጌ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ አወጣች። መንዝ ብርድ ነው፤ የበግ ጠጉር ሴቶች ይፈትላሉ፣ ሸማኔ ባናና ዝተት ይሠራዋል። ይሄኛው ጠርዙ ተበልቷል፣ መሐሉ ግን ጠንካራ ነው። መቀስ ይዤ ቆሜ አልቆርጥ ስል «ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ልጅህ ትጫወትበት» አለችኝ። ቆረጥኩት።

ሦስት ንብርብር ነው። የታችኛው ሙሉ ጨርቅ ነው። የመሐሉና የላይኛው ክብ ክብ ቀዳዳ አላቸው። የላይኛውን ቀዳዳ ከመሐሉ በጥቂቱ አጠበብኩት። መኪናው ሲንገጫገጭ ፍሬው ወጥቶ እንዳይበተን ያቺ ከንፈር ትይዘዋለች። መታጠፊያው ላይ የታችኛውን ጨርቅ ብቻ አስቀረሁ፤ እዚያ ላይ ንብርብሩ ካለ አይታጠፍም። የቀዳዳውን ዙሪያ እናቴ በመርፌ ዘመዘመችው።

ፍሬውን ከጓዳ እያመጣን ሞከርን። አተር ይንከባለላል። ምስር ለእናቴ ጣት በጣም ያንሳል። ባቄላ ቤቱን ቶሎ ይሞላዋል፤ በገበጣ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ከ10 በላይ መከማቸቱ ያለ ነው። ሽምብራ ሆነልን። ጫፏ ሹል ስለሆነ ብዙ አትንከባለልም፣ ጣትም በደንብ ይይዛታል። ሌላም ጥቅም አላት። ከሱቅ የሚገዛ የጉዞ ጨዋታ አንድ ጠጠር ከጠፋበት አለቀለት። ሽምብራ ግን ደብረ ብርሃንም ጀርመንም ይሸጣል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት የአቀማመጡ ነገር ነው። ገበጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወቱት ነው፤ ያንተ ቤት በፊትህ ያለው ረድፍ ነው። ቅጥቅጥ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ገበታው ሁለቱ ጭን ላይ ተጋድሞ የራቀው ረድፍ የማን ይሁን? ብዙ አሰብኩበት። ገበጣ ዙሪያውን የሚዞር ጨዋታ ነው፤ 12ቱ ቤቶች አንድ ክብ ናቸው። ስለዚህ ክቡን በቁመቱ መክፈል የግድ አይደለም። በወርዱ ብከፍለው በግራ የተቀመጠው በግራ ያሉትን ስድስት ቤቶች፣ በቀኝ ያለው የቀኞቹን ይይዛል። የፍሬው አዟዟር ያው ነው፣ ደንቡም ያው ነው። ስድስቱ በቀይ ክር፣ ስድስቱ በጥቁር ክር ተዘመዘሙ።

እናቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «የኔ ቤትማ ፊት ለፊቴ ያለው ነው» ብላ ተከራከረች። ልጄ የአያቷን እጅ ይዛ ቀዩን ክር ተራ በተራ አስነካቻት። «እማማ፣ ይሄ ያንቺ። ይሄም ያንቺ» አለች። እናቴ ክርክሩን ተወችው።

መኪናው ውስጥ ጣርማ በር ሳንደርስ ጀመሩ። ልጄ በአማርኛ መቁጠር ተለማመደች፤ ስትሳሳት እናቴ ታርማታለች፣ እናቴ ስታጭበረብር ደግሞ ልጄ ትጮኻለች። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። «ከዳር ያለውን አንሺ እንጂ ልጄ» እያሉ ይመክሯት ጀመር። እናቴ ተቆጣች። ሞላሌ ስንደርስ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ ባና ባታገኙም ችግር የለውም። ጀርመን ከገባሁ በኋላ ሁለተኛውን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በገዛሁት ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሠርቻለሁ። ጨርቁ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከሳሳ አራት ንብርብር አድርጉት። ቀዳዳውን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አብሯችሁ የሚጫወተውን ሰው ጣት ለኩ። የመጀመሪያው ገበጣ እናቴ ዘንድ ቀርቷል። ጎረቤቶቿ እየተዋሱ ለጉዞ ይዘውት ይሄዳሉ አሉ።