ከቃለ ጉባኤ ያዥነት እስከ ምክትል ፕሬዝዳንትነት

ወጣት ሴት መምህራን «አመራር ለመሆን ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ገንዘብና ደንብ የሚወሰንበት ኮሚቴ ውስጥ ግቡ።

እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ተቀጠርኩ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪዬን ሠራሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎ ዲን፣ ቀጥሎ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆንኩ። አመራርን የተማርኩት ግን ሰው ሁሉ ከሚሸሻቸው ስብሰባዎች ነው።

የገባሁበት ኮሚቴ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ያደርገኝ ነበር። ሴት ስለሆንኩ እንደሆነ ይገባኛል፤ ያናድደኝም ነበር። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ግን ሰነዱን ሁሉ ያነባል። የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ የትምህርት ጉባኤ የሆነውን የሴኔቱን ደንብ፣ የማዕረግ ዕድገት መመሪያውን፣ የግዥ ሥርዓቱን ጠንቅቄ አወቅሁ። ክርክር ሲነሳ «አንቀጹ እንዲህ ነው የሚለው» ብዬ የማነበው እኔ ሆንኩ። ኃላፊነት ስይዝ መጀመሪያ ያደረግሁት ቃለ ጉባኤ በተራ እንዲያዝ ነው፤ ወንዶቹም ያዙ።

ስለ በጀት ትንሽ ልበል፤ ብዙ ጎበዝ ምሁር እዚህ ላይ ይቸገራል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ጨረታ አለው፣ የውጭ ምንዛሪም ይጠይቃል። መጋቢት ላይ ጥያቄ ያቀረበ ክፍል ሰኔ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ተማሪው ሙከራውን ሳይሠራ ይመረቃል። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ዲን ስሆን እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን ዕቃ ከነዝርዝር መግለጫው (ስፔሲፊኬሽኑ) ሰኔ ሳያልቅ እንዲያዘጋጅ አደረግሁ። ሐምሌ እንደገባ ግዥ ክፍል በር ላይ ነበርን። ባልደረቦቼ «እሷን ጠይቁ፣ ታውቃለች» ማለት የጀመሩት ያኔ ነው።

ምርምራችሁንም እንዳትተዉ። ሹመት ያልፋል፤ ማዕረግ ግን የራስ ነው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። የባዮሎጂ ምሁሯ የዓለምፀሐይ መኮንን የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሙሉ ፕሮፌሰር እስኪሆኑ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ስለዚህ ቢሮ ውስጥም ሆኜ የሳምንቱን አንድ ጠዋት ለላብራቶሪ አስቀምጣለሁ። ጸሐፊዬ ያን ሰዓት ለማንም አትሰጥም።

ልጅ ወልዶ ማስተማርና መመራመር እንዴት እንደሚከብድ የወለደች ታውቀዋለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝ ነበር። እኛ ጋ ጉዳዩ ለዓመታት «የሴቶች ጥያቄ» እየተባለ ይታለፍ ነበር። እኔ ወደ በጀት ሠንጠረዡ አስገባሁት። ክፍሉ፣ ሞግዚቶቹ፣ አልጋው፣ ውሃው፣ ሁሉም ዋጋ ተተመነለት። በጀት ላይ የሰፈረን ነገር ለመሰረዝ ምክንያት ማቅረብ ግድ ነው፤ ምክንያት ያቀረበ ሰው አልነበረም፣ ጸደቀ። አሁን ማቆያው ከላብራቶሪዎቹ አጠገብ ነው። አስተዳደር ሠራተኞችም ልጆቻቸውን ያመጣሉ። ቦታው ስለጠበበ ለሚቀጥለው ዓመት ማስፋፊያ ጠይቀናል።