ስንቁን የፈጨው እጅ

የካቲት 23። በዚህ ቀን “ነጻነት” የሚለው ቃል ከማለዳ እስከ ማታ ከአፋችን አይጠፋም። ዐድዋ ያኮራኛል፤ ኩራቱም ሐቅ ነው። ግን በየዓመቱ አንድ ሒሳብ እረፍት ይነሣኛል።

ከዐድዋ በፊት አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 1887፣ የዚያው ንጉሠ ነገሥት የምኒልክ ጦር ወላይታ ዘምቶ ነበር። ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ከብቱ ተነዳ፤ ሰዉም ከከብቱ ጋር ተነዳና ለዘማቹ ተከፋፈለ። ዐድዋ ላይ “ባሪያ አንሆንም” ብለን ድል አደረግን፤ በዓመቱ ደግሞ ከፋ ዘመትን፣ እዚያም ሰው ፈነገልን።

ዘመቻ ስንቅ ነው። በሶውን ብቻ ተመልከቱት፦ ገብሱ ይታመሳል፣ ተፈትጎ ገለባው ይለቃል፣ ወፍጮው ላይ አንዴ ይሸረከታል፣ ከዚያ ይልማል። ሴቲቱ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ትገፋለች፣ ትስባለች። መዳፏ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ይጠጥራል። በትልልቆቹ ቤቶች ወፍጮውም እንስራውም እንጨቱም የባሪያ ሴቶች ዕጣ ነበር። ወደ ዐድዋ ከተመመው ሰው መካከልም ስንቅ ተሸካሚና ውሃ ቀጂ ባሮች ነበሩ። ፉከራው የጌታውን ስም ይዞ ቀረ።

ሕግ አልነበረም አይባልም። ፍትሐ ነገሥት ራሱ አርነት የሰው ሁሉ የተፈጥሮ ድርሻ መሆኑን ይናገርና፣ ጦርነት ግን አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደርጋል ብሎ በሩን መልሶ ይከፍተዋል። ምኒልክም የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916፣ በመስቀል ዕለት፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። መጋቢት 22 ቀን የወጣው ደንብ ባሪያው ጌታው ከሞተ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ነጻ ይውጣ አለ። በ1923 ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ወረደ።

ደንቡ የተሰበረው ከሥሩ ነው። የነጻነቱ ቀን የተንጠለጠለው በጌታው ሞት ላይ ነበር፤ ጌታው ሲሞት ግን ባሪያውን የሚይዘው ወራሹ ነው፣ ቀኑንም የሚቆጥረው እሱው ነው። ባሪያው አቤት ልበል ቢል ብዙ ጊዜ የሚዳኘው ሹም ራሱ ባለባሪያ ነበር። ይህን ሁሉ አልፎ አርነት የወጣውም መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ የተነጠቀበት አገር የብዙ ሳምንት መንገድ ነው። ስለዚህ ተመልሶ እዚያው ግቢ አሽከር ይሆናል። ስሙ ተለወጠ፤ ወፍጮው ግን አልተለወጠም።

ይህን ሲያነሡባቸው “የጣሊያን ወሬ ነው” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጣሊያን በ1927 ባርነታችንን ጄኔቫ ላይ የወረራ ሰበብ አድርጎ አቅርቦታል፤ ከዚያም መጥቶ የመርዝ ጋዝ ረጨብን። ወራሪው ነጻ አውጪ አልነበረም። ነገር ግን ጠላት ስለተናገረው የተሸጠው ልጅ ያልተሸጠ አይሆንም። ዛሬም “ባሪያ” የሚለው ስድብ በየሰፈሩ አለ፤ ጋብቻ ሲታሰብም አጥንት የሚቆጥር ሽማግሌ አልጠፋም። እነዚህን ጣሊያን አላመጣቸውም።

ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ነው፣ ከዐድዋ 46 ዓመት በኋላ። በ1887 ከወላይታ በ10 ዓመቷ የተነዳች ልጅ፣ እስከዚያ በሕይወት ቆይታ ከሆነ፣ አዋጁ ሲነገር 57 ዓመቷ ነው።