ሆድ ሳይከፈት የፕሮስቴት ሕክምና፦ ከደሴ ከመውጣትዎ በፊትና ከተመለሱ በኋላ

«ሳይቀደድ ይሠራል አሉ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን «ሳይቀደድ» የአንድ ሕክምና ስም አይደለም። ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን የከበበ ዕጢ ነው፤ ሲያድግ ሽንት ያስቸግራል። በሽንት ቧንቧ ገብቶ ዕጢውን የሚልጥ አለ፣ በእንፋሎት የሚያከስም አለ፣ ለዕጢው ደም የሚያደርሰውን ደም ስር የሚዘጋም አለ። ምርጫውን ከማሽኑ አዲስነት ይልቅ የዕጢው መጠንና ቅርጽ ይወስነዋል። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አልትራሳውንድ ሲነሡ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ዕጢው ስንት ግራም ነው (የጤነኛ ጎልማሳ 20 ግራም ገደማ ነው)፣ መካከለኛው ክፍል ወደ ፊኛ ገፍቶ ገብቷል ወይ፣ ከሸኑ በኋላስ ፊኛ ውስጥ ስንት ሚሊ ሊትር ይቀራል። ሦስተኛው በቀላሉ ይዘለላል፤ ሸንተው ተመልሰው ካልተነሡ አይታወቅም።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ነው። ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀናት ውስጥ ሽንቱን ያቀላል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ግን ሊያዞር ይችላል። ፊናስተራይድ 5 ሚሊ ግራም ዕጢውን ለማሳነስ እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ የፒ ኤስ ኤ (የፕሮስቴት ካንሰር ጥርጣሬን ለማየት የሚደረግ የደም ምርመራ) ውጤትንም በግማሽ ገደማ ያወርዳል። ይህን የማያውቅ ሐኪም በቁጥሩ ሊዘናጋ ስለሚችል፣ እየወሰዱት መሆኑን ይንገሩት።

አንድ ነገር በድፍረት ልበል፦ ጫት። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። ከበርጫ በኋላ ሽንት ቀጥኖ የሚወርድበት ወይም ጭራሽ የሚዘጋበት ሰው ዕጢው ብቻ አይደለም ያስቸገረው። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ጉንፋን መቼ ይጠፋል። ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይናገሩ።

ለረጅም ጊዜ ዋናው መመዘኛ ሆኖ የቆየው በሽንት ቧንቧ የሚደረገው ልጣጭ ነው። ከወገብ በታች ይደነዝዛሉ፤ መሣሪያው ገብቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሽቦ ቀለበት ዕጢውን ከውስጥ እየላጠ ያወጣል። ሲሠራ ያለማቋረጥ ፈሳሽ ይገባል። የድሮው ዓይነት ማሽን ጨው የሌለው ፈሳሽ ስለሚፈልግ፣ ብዙ ከተመጠጠ የደም ሶዲየምን አውርዶ ግራ መጋባትና ማስመለስ ያመጣል፤ በዚህም ምክንያት ሥራው ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ባይፖላር የሚባለው ግን በተራ ጨዋማ ፈሳሽ ይሠራል፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። የተላጠው ሥጋ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረግ ምርመራ) መላኩንና ውጤቱ መምጣቱን ይከታተሉ። ከሕክምናው በኋላ የወንድ ዘር ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይወቀው።

የእንፋሎቱ መንገድ (ሬዙም) በ103 ዲግሪ እንፋሎት ለ9 ሰከንድ እየወጋ ሥጋውን ያከስማል፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ለቀናትም ካቴተር (ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቱቦ) ይደረጋል። ዩሮሊፍት ዕጢውን ወደ ጎን ስቦ በመንጠቆ ይይዛል። ደም ስር መዝጋት ደግሞ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ገብቶ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ በራሱ ግን አያቁም።

ለሕክምናው አዲስ አበባ ሄደው ከሆነ፣ ወደ ደሴ መመለሱ ነው ከባዱ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካቴተር ይዘው ከሆነ ከረጢቱ ከፊኛ በታች ይንጠልጠል እንጂ ጭን ላይ አይቀመጥ፤ ሳይሞላ ይፍሰስ። ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ላይ ወርደው ይራመዱ። ውሃ ይጠጡ፤ ሽንቱ የቀጠነ ካርካዴ ቢመስል አያስደነግጥም። እንደ ድልህ ከወፈረ ወይም የረጋ ደም ከመጣ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ከልጣጩ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የቁስሉ ቅርፊት ሲለቅ እንደገና ሊደማ ይችላል፤ ለዚህ ነው ለ4 ሳምንት ያህል ጀሪካን ማንሳትና በሆድ ድርቀት ማማጥ የሚከለከለው።

ካቴተሩ ከተዘጋ ሆድ ይነፋል፣ ሽንት በጎኑ ይፈሳል። ቱቦው ተጣጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልሆነ ቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ ማንም ጎትቶ አያውጣው፤ ጫፉ ላይ በውሃ የተነፋ ባሎን አለ፣ ሳይተነፍስ ከተጎተተ ቧንቧውን ይቀደዋል።