የአስቤዛ ወጪያችንን የቀነስነው ከጓዳችን ጀምረን ነው

የወሩ የአስቤዛ ገንዘብ ከወሩ ቀድሞ የሚያልቅብን ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋጋ መጨመሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአምስት ሰው ቤተሰብ የሚበላው ከምንገዛው ጋር አልመጣጠን ስላለኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ለአራት ሳምንታት የገዛነውን ከደረሰኝ፣ የጣልነውን ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንን ለመመዝገብ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ አሁንም በእጄ ነው። ግማሽ ሰላጣ፣ የጠቆሩ ሦስት ሙዞች፣ የሻገተ ዳቦ፣ በማቀዝቀዣው የታችኛው መሳቢያ በፌስታል እንደታሰረ የበሰበሰ ቆስጣ፣ ማንም ያልነካው ሁለት ሳህን ሩዝ፤ ሲደመር 3.4 ኪሎ ግራም ሆነ። የአራቱ ሳምንት ድምር 11 ኪሎ ደረሰ። ይህን ሁሉ ከፍለንበት፣ ተሸክመነው፣ ከፊሉንም አብስለነው ነበር የጣልነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በመኖሪያ ቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በሱቆች ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ መሆኑን መግለጹን በኋላ ሳነብ፣ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ የለወጥነው ቅደም ተከተሉን ነው። ቀድሞ የሚገዛውን ጽፈን ገበያ እንወጣ ነበር፤ አሁን ግን አስቀድመን ጓዳውንና ማቀዝቀዣውን ከፍተን ያለውን እንቆጥራለን፣ ቶሎ የሚበላሸውን ወደ ፊት እናወጣለን፣ የሳምንቱንም ምግብ በእርሱ ላይ ተመሥርተን እናቅዳለን። በመጀመሪያ ሰባቱንም ቀን አቅደን አልተሳካልንም፤ እንግዳ ይመጣል፣ አንዱ አምሽቶ ይገባል፣ የተረፈው ይከማቻል። አምስት ቀን ብቻ አቅደን ሁለቱን ለተረፈው ምግብ ስንተው ነገሩ መስመር ያዘ።

አቀማመጡንም መማር ነበረብን። የበሰለ ሙዝና ፖም የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ ቅጠላ ቅጠልን ቶሎ ስለሚያጠወልግ ለየናቸው፤ ድንቹን ብርሃን ከማያገኘው ቦታ፣ ከሽንኩርቱ አርቀን አስቀመጥን። ቆስጣው እርጥበቱን በሚመጥ ደረቅ ጨርቅ ሲጠቀለል ከቀድሞው ብዙ ቀን ይቆያል። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ዳቦውም ተቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል።

በጣም ያስቆጨኝ ስህተት የተፈጸመው ግን ለመቆጠብ ስል ነው። በጅምላ ይረክሳል ብዬ 25 ኪሎ ዱቄት ገዛሁ። በሁለተኛው ወር ከረጢቱን ስከፍት ዱቄቱ በቀጭን ክር ተያይዞ ጓል ሠርቷል፣ በላዩም ነቀዝ ይርመሰመሳል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ በብዛት የምገዛው ቤተሰቡ በስድስት ሳምንት የሚጨርሰውንና ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ የሚቀመጠውን ብቻ ነው። ትልቅ እሽግም ሁልጊዜ ርካሽ አለመሆኑን ያወቅሁት የእያንዳንዱን ዋጋ ለመቶ ግራም እያካፈልኩ ማስላት ስጀምር ነው፤ አንድ ጊዜ ባለ 400 ግራሙ የቲማቲም ድልህ ባለ 800 ግራሙን በርካሽነት በልጦ ተገኘ። ስልክ ላይ ያለው የሂሳብ ማሽን ለዚህ ይበቃል።

ከምግቡ ዓይነት የለወጥነው ጥቂት ነው፤ የታሸገ ባቄላ ትተን ደረቁን አሳድረን መቀቀል ጀመርን። ደረቁ ተነክሮ ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ ስለሚያልፍ አንድ ኪሎ ብዙ ቀን ያበላል።

ልጆቹን አስገድዶ ማስጨረስ ግን አልጠቀመንም። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ወስደው ከፈለጉ እንዲጨምሩ ስንፈቅድላቸው የሳህን ትራፊ በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ጓዳውን የመቁጠሩን ሥራ የወሰደችው የ12 ዓመት ልጃችን ስትሆን፣ ያለቀውንና የተረፈውን ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

በአምስተኛው ወር ስንመዝን የአራቱ ሳምንት ብክነት ከ3 ኪሎ በታች ወርዶ፣ ወጪያችንም ከቀድሞው አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ አገኘነው። ያልተስተካከለልን የልጆቹ የትምህርት ቤት ምሳ ነው፤ ከዕቃው ሳይነካ የሚመለሰውን በዚህ ወር ለብቻው መመዘን ጀምረናል።