ዝሆን ኩምቢው

የጃፓንኛ ሥነ ልሳን ላጠና ኦሳካ ስገባ ቋንቋውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሴንሴይ (መምህሬ) የመጀመሪያ ድርሰቴን ሲመልሱልኝ ገጹ በቀይ ተዥጎርጉሯል። በአንድ ገጽ 11 ጊዜ «ዋታሺ ዋ» ብያለሁ፤ «እኔ» ማለት ነው። 9ኙን ሰርዘውታል።

አፈርኩ። እናቴ ደውላ «በላህ ወይ?» ስትለኝ «እኔ በልቻለሁ» ብዬ አላውቅም። «በልቻለሁ» ይበቃል። ታዲያ ያን ሁሉ «እኔ» ከየት አመጣሁት? ከእንግሊዝኛ ነዋ! ጃፓንኛን የተማርኩት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ጎረቤት ቤት ለመግባት ከተማውን ስዞር ከርሜያለሁ።

በዚያው ሰሞን አኪራ ሚካሚን አነበብኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1903 እስከ 1971 የኖረ ጃፓናዊ የሰዋስው ሊቅ ነው። የተማረው አርክቴክቸር፣ እንጀራው የሂሳብ መምህርነት። በ1960 ላሳተመው መጽሐፍ አንዲት ዓረፍተ ነገርን ርዕስ አደረጋት፤ «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ»። «ዞ» ዝሆን፣ «ሃና» አፍንጫ (ሐና የምትባሉ እንዳትቀየሙ)፣ «ናጋይ» ረጅም ነው። ጃፓንኛ የምዕራባውያን ሰዋስው የሚለው ዓይነት ባለቤት የለውም ይላል ሚካሚ። «ዋ» የሚነግረን ወሬው ስለምን እንደሆነ ነው።

እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ይጨነቃል። ረጅሙ ዝሆኑ ነው ወይስ አፍንጫው? እኔ በአማርኛ አልኳት፤ «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው።» አለቀ! ሌሊቱን ምሳሌ ስለቅም አደርኩ። «ታናካ ሳን ዋ?» ለካ «ታናካስ?» ነው (ታናካ የሰው ስም ነው፣ «ሳን» ማክበሪያ)።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። በደስታ ብዛት «ዋ» ማለት የእኛ «ስ» ነው ብዬ ለሴሚናር ጽሑፍ አቀረብኩ። አንዲት ተማሪ «ክዮ ዋ ጌትሱዮቢ ዴስ»ን ተርጉምልን አለችኝ፤ «ዛሬ ሰኞ ነው» ማለት ነው። «ዛሬስ ሰኞ ነው» ብል አገሬ ሰው ምን ነካው ይለኛል። ጽሑፉ እዚያው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጽፈው የማይገጥመውን ነው። «ኪታ» መጣሁም፣ መጣችም፣ መጡም ይሆናል። የእኛ ግስ ግን ባለቤቱን በጉያው ይዞ ነው የሚዞረው። ሚካሚ ለጃፓንኛ ያለውን እንዳለ አምጥቶ አማርኛ ላይ መጫን አይቻልም።

አሁን ደብተሬ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደረግኩባት «ራሴን አመመኝ» ናት። በጃፓንኛ «አታማ ጋ ኢታይ» ይባላል፤ ጭንቅላት፣ መማሪያ መጻሕፍት የባለቤት ምልክት የሚሏትን «ጋ» ይዞ ይቆማል። የእኛው ራስ ደግሞ «ን» ተሸክሟል። ታዲያ ያመመኝ ማን ነው?